ቆይ ብቻ

ገብስማዋ ዶሮ ከታቀፈች፣ ዛሬ አሥራ ሰባት ቀኗ፤
ከስፌት መኪናዬ ሥር፣ አሮጌ ቁና ነው ዙፋኗ።
አሥራ ሦስት እንቁላል፣ በከሰል ምልክት ያረግሁባቸው፤
«ጎዶሎ ይሁኑ» እያለች ይታክቱ ናት የቆጠረቻቸው።

ፔዳል ስረግጥ፣ መኪናው ሲንጫጫ፣ አንገቷን ታሰግጋለች፤
ክር ስበጥስ ዝም፤ መቀስ ሳነሳ ግን ትቆጣለች።

ማታ በስልክ መብራት አንዱን አንስቼ ወደ ላይ ስይዘው፣
ቀይ ክር የመሰለ ደም ሥር፣ ጥልፍ ሆኖ ውስጡን ሲወርሰው፣
«ማነው ይኼን የሰፋው?» አለኝ ልየው፣ ልጄ፤
ሃያ ዓመት መርፌ ይዛ፣ መልስ አላወጣችም እጄ።

ቡችላውም ቀን ይቆጥራል፣ የጁቤ፣ ከአንማው ቤት፣
ስድስት ሆነው ተጋፍተው ከሚጠቡበት።
ዓይኑን ገልጧል አሉ፤ ጥርስ አብቅሎ ጡቷን ነክሷታል፤
«ቅዳሜ ና ውሰድ» ብሎ ልኳል፣ «እሷም ሰልችቷታል።»

ውሻ ያሰኘን ያች ሌባ ናት፣ ያች ሸለምጥማጥ፤
አምና ሐምሌ፣ ዝናቡ ጣራ ሲቀጠቅጥ፣
ዘጠኝ ጫጩት ባንድ ሌሊት! ነግቶ ያገኘነው
ላባ ነው፤ ላባ ነው፤ ደግሞ አንዲት እግር ነው።
ልየው እግሯን ቀበረ፤ ከላይ ድንጋይ አስቀመጠ፤
አጥሩን ትኩር ብሎ አየው፤ ፊቱ ተለወጠ።
«ቆይ ብቻ!» አለ። ያኔ ነው የቡችላው ስም የወጣ፤
ለሌባዋ የተላከ ዛቻ፣ ባለስሙ ገና ሳይመጣ።

ይታክቱ ግን ሳቀች። «ለሌባ ሌባ ቀጠራችሁ!
ቡችላ ጫጩት ሲያይ ኳስ ይመስለዋል፤ ታያላችሁ።»

አልዋሸችም። ሌሊት ተነስቼ ጓዳውን በቀርከሃ ከፈልሁት፤
ወዲህ ለነሱ፣ ወዲያ ለሱ፤ ማሰሪያውን ሦስቴ ቋጠርሁት።
ከዚያ ቅዳጅ ለቀምሁ፤ የካኪ ኪስ፣ የተማሪ ሸሚዝ ክንድ፣
የሙሽራ ከፋይ ቁራጭ፤ ተጋጥሞ ሆነ ፍራሽ አንድ።
ለሰው ሁለቴ ነው የምለካ፣ ወርድና ቁመቱን፤
ለሱ ግን በግምት ሰፋሁ፣ ሳላየው ፊቱን።

ዓርብ ሌሊት ቅርፊት ሲሰነጠቅ ልየው አልተኛም፤
«ይኼ ጫጩት አይመስልም» አለኝ፤ እርጥብ ነው፣ ገና አይቆምም።
ሲነጋ አሥራ ሁለት ሆኑ፤ ገብስማዋም ተነሳች፤
«ቁር ቁር» እያለች ጠርታቸው ወደ ፀሐይ ወጣች፣
አንዱን እንቁላል ትታ።
        ጆሮዬን ባስጠጋ፣ ውስጡ ይቧጭራል።
እናቱ አትመለስለት፤ ሚኒባሱም ይሄዳል።

በጥጥ ጠቅልዬ ከደረት ኪሴ ሸጎጥሁት፤
ለብዕር ነበር ያን ኪስ በገዛ እጄ የሰፋሁት።
«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤
የኔው ግን ሳይፈለፈል በሚኒባስ ይጓዛል።

አንማው «ስሙስ?» አለኝ፣ ቡችላውን ከናቱ ሥር ስቦት፤
«ቆይ ብቻ» ስለው ቆሞ ጠበቀኝ፣ የምጨምር መስሎት።

መንገዱን ሙሉ አለቀሰ። ጭኔን አራሰው፣ እጄን ላሰ፤
አንዲት ባልቴት «እናቱን እኮ ነው» አሉ፣ ሆዳቸው እየተላወሰ።
ከዚያ ኪሴ ጮኸ።
        «ጪው።» አንዴ። ቀጥሎ፣ «ጪው።»
ቡችላው ዝም አለ፤ ጆሮው ቀጥ፤ አፍንጫው ሸሚዜን ገፋው።
በመሃላቸው ያለው አንድ ስስ ቅርፊት፣ አንድ ሸሚዝ ነው፤
ይታክቱ ያለችው ይድረስ አይድረስ፣ እኔ ምን አውቄው።
እጄን ብቻ ከኪሱ ላይ አላነሳሁም።

ሉማሜ ስንደርስ «ወራጅ አለ!» አልሁ። ረዳቱ «ስንት ነው?» ቢለኝ፣
«ቆይ ብቻ» አልሁት፤ ኪሴን ዳሰስሁ፤ መቁጠሩ ቸገረኝ።